ያልነበረውን ፍለጋ

እስቲ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወጌ የሚጀምረው ከሆዳችሁ ነው። ምሳ በልታችሁ ከሆነ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ዘይቱ በዚህች ሰዓት ውስጣችሁ እየተፈታ ነው። እንጀራው ወደ ግሉኮስ፣ የሽሮው ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ፣ ዘይቱም ወደ ቅባት አሲድ ተበትኖ በደም ይጓዛል። ይኼን ትምህርት ቤት ነግረውናል። በሳንባ የገባው ኦክስጅን ያንን ምግብ ያቃጥለዋል ብለውም አስተምረውናል።

ቆይ ግን! የተቃጠለ ነገር የሚሰጠው ሙቀት ነው። በሙቀት ብቻ ጣት አይታጠፍም፣ ልብ አይመታም። ታዲያ ቃጠሎው ሥራ ወደሚሠራ ጉልበት የሚለወጠው በየት በኩል ነው? ይህች አንዲት ጥያቄ የዓለምን ታላላቅ ባዮኬሚስቶች ለዓመታት አከራክራለች፣ አኳርፋለች፣ የማይገኝ ነገርም አስፈልጋለች። የማወጋችሁ እሱን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እቆጥራለሁ።

መጀመሪያ ግሉኮሱን እንከተለው። ሕዋስ ውስጥ እንደገባ ለሁለት ይሰነጠቃል። ለዚህ ኦክስጅን አያስፈልግም፤ ትርፉ ግን ትንሽ ነው፣ ከአንድ ግሉኮስ ሁለት ኤቲፒ ብቻ። ጠላ ጠማቂዋ እንስራውን ከድና ስታስቀምጠው ውስጥ ያለው እርሾ አየር ሲያጣ የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ ነው። የማይፈልገውን አልኮል አድርጎ ይጥለዋል፤ እኛ ደግሞ የጣለውን እንጠጣለን። ኦክስጅን ያገኘ የእኛ ሕዋስ ግን ከዚያችው ከአንዷ ግሉኮስ ወደ 30 የሚጠጋ ኤቲፒ ያወጣል።

ኤቲፒ ምንድን ነው? ጀርመናዊው ካርል ሎማን በ1929 ከጡንቻ ውስጥ ያገኛት ትንሽ ሞለኪውል ናት። ጫፏ ላይ ሦስት ፎስፌቶች ተያይዘዋል። የመጨረሻው ሲለይ ጉልበት ይገኛል፤ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭ መልእክት ለማስተላለፍ የሚሰናዳው በዚህ ጉልበት ነው። የተለየውን ፎስፌት መልሶ ለማያያዝ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። መጠኑን ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ። አንድ ጎልማሳ ምንም ሳይሠራ ጋደም ብሎ ቢውል እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 40 ኪሎ ግራም ኤቲፒ ይጠቀማል። በአንድ ቅጽበት በአካሉ ውስጥ ያለው ግን በግራም የሚቆጠር ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሞለኪውል በቀን በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ትለያያለች፣ መልሳም ትያያዛለች። የሚለያያት ሞልቷል። የሚያያይዛት ማን ነው? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በፊት የተደረጉትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ሃንስ ክሬብስ የተባለ ሐኪም በ1933 ናዚዎች ከጀርመን ሲያባርሩት ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ሼፊልድ ላይ ሆኖ የእርግብ ደረት ጡንቻ እየፈጨ፣ የተሰነጠቀው ግሉኮስ በሕዋስ ውስጥ በክብ እየዞረ እንዴት እንደሚበተን በ1937 ደረሰበት። ግኝቱን ኔቸር ለተባለው ታዋቂ መጽሔት ቢልክ፣ ለሳምንታት የሚበቃ ጽሑፍ አለንና ይቅርብን ብለው መለሱለት። ሌላ መጽሔት አወጣለት፤ በ1953 ኖቤል ተሸለመበት። የክሬብስ ዑደት ከምግቡ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ የተነጠቀው ኤሌክትሮን መጨረሻ ላይ ኦክስጅን ዘንድ ይደርሳል። በመካከል ያለውን መንገድ ያየው ደግሞ የጥገኛ ነፍሳት ተመራማሪ ነው።

እሱ ዴቪድ ኬይሊን ነው። ሞስኮ ውስጥ ከፖላንዳውያን ወላጆች ተወልዶ ካምብሪጅ የኖረ ሰው ነው። በፈረስ ጨጓራ ውስጥ የሚያድግ የዝንብ እጭ አለ። ይህ እጭ እንደ እኛ ደም ቀይ ቀለም አለው። ኬይሊን እጩ አድጎ ዝንብ ሲሆን ቀለሙ የት ይገባል ብሎ ብርሃን በሚተነትን መሣሪያ ሲመለከት አራት ጥቋቁር መስመሮች ታዩት። የደም ቀለም አልነበሩም። ንብ ጡንቻ ውስጥ አያቸው፣ እርሾ ውስጥም አያቸው። እርሾ በውኃ በጥብጦ ቱቦ ውስጥ አስቀመጠና ጠበቀ፤ መስመሮቹ ደምቀው ወጡ። ቱቦውን ከአየር ጋር ናጠው፤ ጠፉ። አስቀመጠው፤ ተመልሰው መጡ። ሕያው ሕዋስ ሲተነፍስ በዓይኑ እያየ ነበር። በ1925 ሳይቶክሮም ብሎ ስም አወጣላቸው። ኤሌክትሮኑን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀባበሉት እነዚህ ፕሮቲኖች ናቸው። የመጨረሻው ለኦክስጅን ያስረክባል፤ ኦክስጅኑም ከሃይድሮጅን ጋር ውኃ ይሆናል። ሳያናይድ የሚገድለው ይቺን የመጨረሻዋን ርክክብ ዘግቶ ነው።

በ1940ዎቹ ማብቂያ ይህ ሁሉ የሚከናወነው ማይቶኮንድሪያ በተባሉት የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ መሆኑም ታወቀ። እንግዲህ ሁለት ነገር በእጃችን አለ። ወዲህ ኤሌክትሮን ወደ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ሲወርድም ጉልበት ይለቃል። ወዲያ ደግሞ ኤቲፒ ይሠራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን አልተገኘም።

ከኬይሊን ደቀ መዛሙርት አንዱ፣ አውስትራሊያ የተወለደው ቢል ስሌተር፣ በ1953 መልስ አቀረበ። ኤሌክትሮኑ ሲወርድ ጉልበቱን የሚቀበል አንድ ኬሚካል ይሠራል፣ ያ ኬሚካል ጉልበቱን ለኤቲፒ አስረክቦ ይሄዳል አለ። ምክንያቱ ጥሩ ነበር፤ ግሉኮስ ሲሰነጠቅ የሚሆነው በትክክል እንደዚህ ነውና። ያልታወቀውን ኬሚካል ኤክስ እንበለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ! በአሜሪካም፣ በአውሮፓም ያለ ታላቅ ቤተ ሙከራ ሁሉ ኤክስን ፍለጋ ወጣ። የበሬ ልብ ተፈጨ፣ የአይጥ ጉበት ተፈጨ። አገኘነው የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ዓመት ሳይሞላው አይ ሌላ ነገር ነው ይባላል። አሜሪካዊው ፖል ቦየር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፎስፎሂስቲዲን የተባለ ነገር አግኝቶ ይኸው ኤክስ ብሎ ነበር። እውነትም አዲስ ግኝት ነበር፤ ሥራው ግን ክሬብስ ዑደት ውስጥ እንጂ እዚህ አልነበረም። ቦየርን በልባችሁ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ከቪየና የተሰደደው ኤፍሬም ራከር ደግሞ በዚህ ነገር ግራ ያልተጋባ ሰው ካለ ነገሩ ያልገባው ነው እያለ ይቀልድ ነበር።

ሁለት ነገሮች ማንንም እንቅልፍ ይነሡ ነበር። አንደኛው፣ ማይቶኮንድሪያውን ሽፋኑ እስኪቀደድ ከፈጩት ኤሌክትሮኑ መውረዱን፣ ኦክስጅኑም መበላቱን ይቀጥላል፤ ኤቲፒ ግን አይሠራም። ኤክስ ተራ ኬሚካል ከሆነ ሽፋን ተቀደደ አልተቀደደ ምን ቸገረው? ሁለተኛው ከባሩድ ፋብሪካ የመጣ ጉድ ነው፤ እሱን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ የመድፍ ጥይት የሚሞሉ ሠራተኞች ዳይናይትሮፌኖል የሚባል ቢጫ ዱቄት ይነኩ ነበር። እየበሉ ይከሳሉ፣ ያልባቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፤ የሞቱም አሉ። ጦርነቱ አለፈ። በ1933 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች ይህንን ዱቄት በልክ ብንሰጥ ወፍራም ሰው ይከሳል ብለው ጻፉ። እውነታቸውን ነበር፣ ይከሳል። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በአሜሪካ ቢያንስ 100,000 ሰው እንደወሰደው ተገመተ። ከዚያ ጣጣው መጣ። ወጣት ሴቶች ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። መጠኑን ያበዙት ከውስጥ እንደተቀጣጠለ ሰው ግለው ሞቱ። በ1938 አዲሱ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ ወጥቶ ከገበያ አስወጣው። ዛሬም አጥፊ ሰው አይጠፋም፤ በድብቅ እየተሸጠ የሚገድላቸው ወጣቶች አሉ።

በ1948 ሉሚስና ሊፕማን የተባሉ ተመራማሪዎች ዱቄቱ ምን እንደሚያደርግ አሳዩ። ምግቡ ይቃጠላል፣ ኦክስጅኑ እንዲያውም ከወትሮው በላይ ይበላል፣ ኤቲፒ ግን የለም። ጉልበቱ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሌሎች መድኃኒቶችም እንዲሁ ሲያደርጉ ተገኙ። ግራ የሚያጋባው በኬሚካል አሠራራቸው ፈጽሞ አለመመሳሰላቸው ነው። አንዱ ኤክስን ከያዘ፣ ሌላው በምን አሠራሩ ይይዘዋል?

አሁን ሰውየው ይምጣ።

ፒተር ሚቸል በ1920 ለንደን አጠገብ ተወለደ። አጎቱ ጎድፍሬይ ሚቸል ዊምፒ የተባለውን ትልቅ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ያሳደጉ ሰው ናቸውና ቤተሰቡ ገንዘብ አላጣም። በ1942 ካምብሪጅ ምርምር ጀመረ፤ ዶክትሬቱን ያገኘው በ1951 ነው። ዘጠኝ ዓመት! ቸኩሎ የሚጨርስ ዓይነት ሰው አልነበረም። ካምብሪጅ ሳለ ከሁለት ሰዎች ጋር ተዋወቀ። አንደኛው ሽማግሌው ኬይሊን ነው፤ ሚቸል እስኪሞት ድረስ እንደ አባት ስሙን ሲያነሣው የኖረ ሰው። ሁለተኛዋ ጄኒፈር ሞይል ናት። እሱ ሐሳብ ያፈልቃል፤ እሷ ትለካለች። ይህን የሥራ ክፍፍል ያዙልኝ።

ሚቸል የሚያጠናው ባክቴሪያን ነበር። ሌሎቹ ሕዋስን ፈጭተው በቱቦ ውስጥ ያለውን ጭማቂ ሲመረምሩ እሱን የያዘው ግን ሽፋኑ ነው። ባክቴሪያ ጨውን ከውጭ ወደ ውስጥ መርጦ የሚያስገባው እንዴት ነው? ሽፋን ውስጥ የተሰካ ኢንዛይም ከአንድ ወገን ተቀብሎ በሌላው ወገን ቢሰጥስ? ለኬሚስት ይህ እንግዳ ነገር ነው። ቱቦ ውስጥ ውስጥና ውጭ የለም፤ ግራና ቀኝ የለም። ሕዋስ ግን ያለ ውስጥና ውጭ ሕዋስ አይደለም።

በ1955 ወደ ኤድንበራ ዩኒቨርሲቲ ተጠራ፤ ሞይልም አብራው ሄደች። በ1961 ክሬብስን ያልተቀበለው ያው ኔቸር የሚቸልን አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጭብጡ ይህ ነው፦ ኤክስ የለም። አልተገኘም ማለቱ አይደለም። ከመጀመሪያውም የለም ማለቱ ነው።

ታዲያ ምን አለ? ፕሮቶን አለ፤ ኤሌክትሮኑን የተነጠቀ የሃይድሮጅን አስኳል። የውኃን አሲድነት የሚወስነው የፕሮቶን ብዛት ነው። ሳይቶክሮሞቹና ጓደኞቻቸው ኤሌክትሮን ሲቀባበሉ በሚገኘው ጉልበት ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ አንድ ወገን ወደ ሌላው ይገፋሉ። ሽፋኑ ፕሮቶን አያሳልፍም። ስለዚህ በአንዱ ወገን ይከማቻሉ፤ ያ ወገን አሲድ ይሆናል፣ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ሌላው ወገን ኔጌቲቭ። የተገፋ ነገር መመለስ ይፈልጋል። የሚመለስበት በር ደግሞ አንድ ነው፤ ኤቲፒ የሚያያይዘው ኢንዛይም ራሱ። ፕሮቶኖቹ በዚያ በኩል ሲመለሱ ፎስፌቱ ይያያዛል።

ለኢትዮጵያዊ ይህን ማስረዳት አይከብድም። የቆቃ ግድብ የተመረቀው በ1960 ነው፤ ጽሑፉ ሲወጣ ገና አንድ ዓመቱ። ቆቃ ላይ መብራት የሚሰጠው ውኃው ራሱ አይደለም፤ ያው ውኃ ሜዳ ላይ ቢተኛ አንዲት አምፖል አያበራም። መብራት የሚሰጠው ወዲህና ወዲያ ያለው የከፍታ ልዩነት ነው፤ ግድብ ሳይኖር ደግሞ ልዩነት የለም። እነ ስሌተር ውኃው ውስጥ የተደበቀ አንድ ልዩ ንጥረ ነገር ሲፈልጉ ነበር ማለት ነው። ግንቡን ረሱት።

የዚህ ግድብ ግንብ ስስነቱ የሚሊ ሜትር አምስት ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ቮልቴጅ 150 ሚሊቮልት ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። በዚያ ስስነት ላይ ሲያርፍ ግን በሜትር 30 ሚሊዮን ቮልት ማለት ነው። እያንዳንዳችን ውስጥ፣ አሁን፣ ይህን ገጽ እያነበብን።

ያን ሁለት እንቅልፍ የሚነሣ ነገር አስታወሳችሁ? ሽፋኑ ከተቀደደ ምንም የሚከማች የለም፤ ስለዚህ ኤቲፒ ይቀራል። ቢጫው ዱቄትም ተገለጠ። ዳይናይትሮፌኖል ሽፋኑ ቅባት ውስጥ መግባት የሚችል ደካማ አሲድ ነው። በአሲዱ ወገን ፕሮቶን ይቀበላል፣ ሽፋኑን ያቋርጣል፣ ማዶ ያራግፋል፣ ይመለሳል። ግንቡን አሾለከው ማለት ነው። ሕዋሱ የሚፈሰውን ለመተካት ምግብ ያቃጥላል፣ ያቃጥላል፣ ጉልበቱ ሁሉ ግን ወደ ሙቀት ይሄዳል። እነዚያ የማይመሳሰሉ መድኃኒቶች ሁሉ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገርም ተገኘ፤ ፕሮቶን ይዘው ቅባትን የሚሻገሩ ናቸው። እኔ በግሌ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚቸልን ሐሳብ ያመንኩት እዚህች ላይ ነው።

ተፈጥሮም ይህን ተንኮል አውቃ ትሠራበታለች። አራስ ሕፃን ብርድ ሲነካው አይንቀጠቀጥም። በትከሻዎቹ መካከል፣ እናቱ አዝላ በነጠላ የምትሸፍነው ቦታ ላይ፣ ቡናማ ስብ አለ። እዚያ ያለ አንድ ፕሮቲን በልክ፣ በትእዛዝ፣ ፕሮቶኖቹን በሌላ በር ያሳልፋቸዋል። ጉልበቱ ሙቀት ይሆናል፤ ልጁም ይሞቃል።

ወደ 1961 እንመለስ። ጽሑፉ ወጣ፤ ማንም አልሰማውም። የሰሙት ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ ለማመን አይመችም ነበር፤ ሐሳቡ ሙሉ፣ ማስረጃው ግን ባዶ። የኢንዛይሙንም አቅጣጫ ገልብጦ አስቀምጦት ነበር፤ በኋላ አስተካክሎታል። ኦክስፎርድ ያለው ሮበርት ዊሊያምስ ደግሞ የፕሮቶኑ ሐሳብ መጀመሪያ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። እሱም በዚያው ዓመት ስለ ፕሮቶን ጽፎ ነበር፤ ፕሮቶኖቹ ግን እሱ ዘንድ ሽፋኑ ውስጥ ይቀራሉ እንጂ ማዶ አይሻገሩም። ቅሬታው ዘመኑን ሁሉ አልወጣለትም።

በዚህ መሃል ሚቸል ታመመ። የጨጓራ ቁስለት አሠቃየውና በ1963 ሥራውን ለቀቀ። ኮርንዎል በሚባለው የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ቦድሚን ከተማ አጠገብ፣ ጫካ በሸፈነው ሸለቆ ውስጥ ግሊን ሐውስ የሚባል የፈረሰ የመኳንንት ቤት ነበር። ሚቸል ያንን ቤት ይዞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይንስን ተወ። ራሱ መሐንዲስ፣ ራሱ ግንበኛ አለቃ ሆኖ ቤቱን አቆመው። ግማሹን መኖሪያ፣ ግማሹን ቤተ ሙከራ አደረገው። እሱና ታላቅ ወንድሙ ክሪስቶፈር እኩል ገደማ አዋጥተው 250,000 ፓውንድ መነሻ ሰጡት። ጄኒፈር ሞይልም መጣች። የምርምር ድርጅቱን የመሠረቱት እሷና ሚቸል አብረው ነው።

እስቲ አስቡት። በአንድ ወገን በአሥር የሚቆጠሩ ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች። በሌላው ወገን ገጠር ውስጥ ያለ አሮጌ ቤት፣ አንድ ሕመምተኛ፣ አንዲት ሴትና ጥቂት ረዳቶች።

ሞይል የሠራችው ሙከራ ይህ ነው። የአይጥ ጉበት ማይቶኮንድሪያ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ኦክስጅን እንዳይኖረው ታደርጋለች። የአሲድነት መለኪያውን ዘንግ ውስጡ ታስገባለች። ከዚያ ኦክስጅን የያዘ ጠብታ ውኃ ትጨምራለች። የመለኪያው መርፌ በቅጽበት ይዘላል፤ ውጪው አሲድ ሆነ። ፕሮቶን ወጣ! ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። ዳይናይትሮፌኖልን የመሰለ አሾላኪ ስትጨምርበት ቶሎ ይመለሳል። ስንት ኦክስጅን ስንት ፕሮቶን እንደሚያስወጣ ቆጠረች። በ1965 አብረው ኔቸር ላይ አወጡት። በ1966 እና በ1968 ሚቸል ንድፈ ሐሳቡን በዝርዝር ጽፎ ግራጫ ሽፋን ባላቸው ሁለት ትናንሽ መጻሕፍት በራሱ ድርጅት አሳተመ፤ ለሚፈልግም ለማይፈልግም ላከ።

ሰዎቹ ማመን የጀመሩት ግን በራሳቸው እጅ ሲነኩት ነው። አንድሬ ጃገንዶርፍ የተባለ አሜሪካዊ የእጽዋት ባዮኬሚስት አለ። የሚቸልን ንግግር አንዴ ሰምቶት በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው እንደወጣ ኋላ ራሱ አውርቶታል። በእጽዋት ውስጥ ብርሃንን ወደ ኤቲፒ የሚለውጠው ክሎሮፕላስት ነው፤ ጃገንዶርፍ በሙከራው ያየው ነገር አልፈታ ሲለው ያ ንግግር ትዝ አለው። በ1966 ከአርነስት ኡሪቤ ጋር ሆኖ የስፒናች ክሎሮፕላስት ወስዶ አሲድ ውስጥ ዘፈዘፈው። ውስጡ አሲድ እስኪሆን ጠበቀ። ከዚያ በድንገት የአሲድ ተቃራኒ ወደሆነ አልካሊ ውኃ ገለበጠው፣ ጨለማ ውስጥ። ውስጡ አሲድ፣ ውጪው አልካሊ። ኤቲፒ ተሠራ። ያለ ብርሃን! ያለ ኤሌክትሮን ቅብብል! የአሲድነት ልዩነት ብቻውን በቃ።

ስሌተርና ሌሎች ግን አሁንም አልተረቱም፤ በየስብሰባው መናቆሩ ቀጠለ። የመጨረሻውን ዱላ ያሳረፈው ራከር ነው፤ ያ ቀልደኛው። በ1974 ከዎልተር ስቶከኒየስ ጋር ተባብሮ አንድ የማይታመን ነገር ሠራ። በጣም ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚኖር አንድ ረቂቅ ተሕዋስ ብርሃን ሲያርፍበት ፕሮቶን የሚገፋ ሐምራዊ ፕሮቲን አለው። ከበሬ ልብ ደግሞ ኤቲፒ የሚያያይዘውን ኢንዛይም ወሰዱ። ሁለቱን በአንድ የቅባት ከረጢት ሽፋን ላይ ሰኩ። ይህ ተሕዋስና በሬ ተገናኝተው አያውቁም፤ የጋራ ኤክስ ሊኖራቸው አይችልም። መብራት አበሩ። ኤቲፒ ተሠራ።

ከዚህ በኋላ መካድ ከበደ። በ1977 ስድስቱ ታላላቅ ተከራካሪዎች፣ ቦየር፣ ቻንስ፣ ኤርንስተር፣ ሚቸል፣ ራከርና ስሌተር፣ አንድ የጋራ ጽሑፍ እንዲያወጡ ተስማሙ። በአንድ ቃል ግን መናገር አልቻሉም፤ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ለብቻው ጻፈ። ስድስት ደራሲ፣ ስድስት ጽሑፍ፣ አንድ ርዕስ! በማግሥቱ ዓመት ስቶክሆልም ለሚቸል የኬሚስትሪ ኖቤልን ሰጠ። ለብቻው።

ለብቻው የምትለው ቃል ትቆረቁረኛለች። ሐሳቡ የሱ ነው፣ አልካድኩም። ዓለም ግን ሐሳቡን ለዓመታት ስቆበት ነበር። እንዲሰማ ያደረገው ሞይል ያነበበችው መርፌ ነው። ሁለት ሰው የሚመጥን ሽልማት ነበር፤ ወንበሩም አልጠበበም።

ሚቸል ስቶክሆልም ላይ ሲናገር ከሁሉ በፊት ያነሣው ኬይሊንን ነው። ከዚያ ማክስ ፕላንክ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የተናገረውን አነሣ፤ አዲስ እውነት የሚያሸንፈው ተቃዋሚዎቹ አምነው ሳይሆን ሞተው ሲያልቁ ነው የምትለዋን። የእኔ ተቃዋሚዎች ግን በሕይወት ሳሉ በቅንነት መለሱና የፕላንክን አባባል ሐሰት አደረጉት ብሎ አመሰገናቸው። ውሸት አልነበረም፤ ከልቡ ነው።

አሁን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በ1977 ማርቲን ቪክስትሮም የተባለ ወጣት ፊንላንዳዊ ተመራማሪ፣ ለኦክስጅን የሚያስረክበው የመጨረሻው ሳይቶክሮም ራሱም ፕሮቶን እንደሚገፋ አሳየ። ሚቸል በነደፈው ሥዕል ላይ ያ ፕሮቲን ፕሮቶን አይገፋም። ስለዚህ አይሆንም አለ። ሙከራው ተሳስቷል አለ። ለዓመታት ተከራከረ። የራሱ የሆነው ሥዕል ሊስተካከል ሲመጣ እሱም እንደ ስሌተር ግንብ ሆኖ ቆመ። የተረታው በ1985 አካባቢ ነው። በሕይወት ሳለ ግን አመነ፤ ለፕላንክ እሱም እጅ አልሰጠም። በ1992 አረፈ።

ኤቲፒ የሚሠራው ኢንዛይም ፕሮቶን ሲያልፍበት እንዴት አድርጎ ፎስፌቱን እንደሚያያይዝ በመገመቱም ሚቸል ተሳስቶ ነበር፤ ፕሮቶኖቹ እዚያው ሥራው ላይ በቀጥታ የሚገቡ መስሎት ነበር። ትክክለኛውን የገመተው ያ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁ ፖል ቦየር ነው። ኤክስን አገኘሁት ብሎ የነበረው ቦየር! ካሊፎርኒያ ሆኖ፣ በ1970ዎቹ፣ ኢንዛይሙ ይሽከረከራል አለ። ሦስት የሥራ ቦታዎች አሉት፤ መሃል ያለው ዘንግ ሲዞር አንዱ ጥሬ ዕቃ ይቀበላል፣ ሁለተኛው ያያይዛል፣ ሦስተኛው የተሠራውን ኤቲፒ ይለቃል፤ በተራ በተራ። ፕሮቶኖቹ የሚሠሩት ዘንጉን ማዞር ነው። ይህን ሲል ብዙ ሰው አላመነውም፤ ሕያው አካል ውስጥ የሚዞር ሞተር የት ታይቶ!

በ1994 እንግሊዛዊው ጆን ዎከር የበሬ ልብ ኢንዛይም ክሪስታል አድርጎ በኤክስሬይ ቅርጹን አወጣ። ሦስቱ ቦታዎች ሦስት የተለያየ ሁኔታ ላይ ተገኙ፤ መሃላቸው ጠማማ ዘንግ። በ1997 ደግሞ ኖጂ፣ ያሱዳ፣ ዮሺዳና ኪኖሲታ የተባሉ ጃፓናውያን ኢንዛይሙን መስታወት ላይ አጣብቀው፣ ዘንጉ ላይ የሚያበራ ክር አሰሩ። ኤቲፒ ሰጡት፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እንዲዞር ማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ቢያዩ ክሩ ይሽከረከራል። አንድ ዙር፣ ሦስት ኤቲፒ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቦየርና ዎከር ኖቤሉን ከዴንማርካዊው የንስ ስኩ ጋር ተካፈሉ። ፎስፎሂስቲዲን ኤክስ ነው ብሎ ከጻፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ቦየር ስቶክሆልም መድረክ ላይ ሲወጣ 79 ዓመቱ ነው።